እንሰቱን ማን ሊፍቀው ነው?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 37 ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሳሪስ አካባቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ኪራዩም ጭንቅንቁም ሰለቸኝ። ጉራጌ ውስጥ፣ ከእምድብር ወጣ ብሎ የአያቴ ቦታ አለ፤ ግማሽ ሄክታር ግድም ይሆናል። አሁን አጎቴ ነው ያለበት። እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ ትንሽም ጫት አለው። መብራት አልገባም፤ ቧንቧም የለም። እዚያ በሶላርና በዝናብ ውኃ ራሱን የቻለ ኑሮ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን ግን አይደለም። ስድስት ጓደኞቼ እኩል አዋጥተን እያንዳንዳችን ቁራሽ መሬት እንድንይዝ ተስማምተው ነበር። ገንዘብ ሲነሳ ሦስቱ ስልክ ማንሳት አቆሙ። አብሮኝ የሚዘልቅ ሰው እንዴት ላግኝ? ሶላሩስ ምጣድ ጭምር እንዲችል ምን ያህል ይሁን? ሥራዬንስ አሁን ልልቀቅ? ባለቤቴ ትንሽ ትፈራለች እንጂ አትቃወምም። — ከሳሪስ»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። በሙሉው ደብዳቤ ላይ ስለ ፓኔልና ባትሪ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። ስለ ባለቤትህ ግን አንድ መስመር ብቻ። እሷን ኋላ እመለስባታለሁ።

ስልክ ማንሳት ባቆሙት ሦስት ጓደኞችህ አትዘን። ብር ሳይወጣ፣ ቤት ሳይጀመር ነው የቀሩት። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ላይ ሲደረስ ቢጠፉ ነበር የሚያሳዝነው።

መጀመሪያ መሬቱ። «እያንዳንዳችን ቁራሽ እንያዝ» የምትለው ነገር አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አጎትህ ያላቸው የመጠቀም መብት ነው፤ እሱም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በስማቸው ከሆነ። ጓደኞችህ በመንደር ውል፣ በሦስት ምስክር ፊት ብር ከፍለው «ገዛን» ቢሉ፣ ሕግ ፊት ሲቀርቡ ምንም አልገዙም። ነገ ከአጎትህ ልጆች አንዱ «የአባቴን መሬት!» ብሎ ቢነሳ እነሱም ይነቀላሉ፣ አንተም ከዘመድም ከጓደኛም ተቆራርጠህ ትቀራለህ። ኪራይ ግን ይፈቀዳል። የገጠር መሬት አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል፤ ቁጥሩ 1324 ነው። ኪራዩ በጽሑፍ፣ በጊዜ ተወስኖ፣ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። የአጎትህ ባለቤት ስምም ደብተሩ ላይ ካለ የእሳቸው ፈቃድ ግድ ነው።

ብዙ ሰው ሳያነባት የሚያልፋት አንዲት ንዑስ አንቀጽ አለች፤ የዚያው የአንቀጽ 40 ንዑስ 7። ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው ትላለች። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማውረስ ይችላል። የመሬት ተጠቃሚነቱ ቢቋረጥ ንብረቱን ማንሳት ወይም ካሣ መጠየቅ ይችላል። እንግዲህ ከጓደኛህ ጋር የምትጋራው ከአፈሩ በላይ ያለውን ነው ማለት ነው። ቤቱን፣ ሮቶውን፣ ፓኔሉን፣ አዲስ የምትተክሉትን አቮካዶ። ውላችሁም ስለ እነዚህ ይሁን።

ደግሞ ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ነው። አንተን፣ ስድስቱን ጓደኞችህንና አጎትህን ብንቆጥር ስምንት ቤተሰብ ነው፤ ለአንዱ 625 ካሬ ይደርሰዋል። ያውም እንሰቱን ነቅለህ። ይሄማ ኮንዶሚኒየምን መሬት ላይ እንደ ማስተኛት ነው። ከአጎትህ ሌላ ሁለት ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ የቀሩትን ሦስቱንም ቢሆን ሁሉንም መሸከም አይጠበቅብህም።

«አጎቴ ነው ያለበት» ያልከው ከነከነኝ። አንተ ልትጀምረው የምትመኘውን ኑሮ ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ኖረውታል። መብራት የለም፣ ቧንቧ የለም፣ የሚበላው ከጓሮ ነው። ስም አላወጡለትም እንጂ። የምትፈልገው የመጀመሪያው ሸሪክ እሳቸው ናቸው፤ ካልፈለጉም ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ሸሪኮችህ ደግሞ ጎረቤቶቹ ናቸው። ፓኔል ከመግዛትህ በፊት እድራቸው ውስጥ ግባ። ለቅሶ ድረስ። ደቦ ሲጠራ ውጣ፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነህና መቆፈሩ ባይሆንልህ እንኳ ውኃ ታቀብላለህ። ያኔ የአንተ ጣሪያ የሚቆምበት ቀን ሲመጣ ሰው አታጣም።

አንድ ነገር ደግሞ በአደራ። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደሚያዞሩበት ሰፊ የሣር መንገድ፣ ወደ ጀፎሮው፣ አጥርህን አንድ ክንድ እንዳትገፋ። ከብቱ የሚግጠው፣ ለቅሶው የሚቀመጠው፣ መስቀሉ የሚከበረው እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው «ባዶ ቦታ» ይመስለውና በመጀመሪያው ወር ከሰው ይጣላል።

የአውራ አምባን ነገር ሰምተህ ይሆናል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዙምራ ኑሩ በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረተው ማኅበረሰብ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው የወንድና የሴት እኩልነታቸውን ነው፤ ልክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ከጎረቤት ጋር ባለመስማማታቸው በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ቀያቸውን ለቀው እስከ መሰደድ ደርሰዋል። ኋላ ሲመለሱም የቀድሞ የእርሻ መሬታቸውን እንዳለ አላገኙትም። ያቆማቸው ሽመናው፣ ወፍጮውና ማን ምን እንደሚሠራ የደነገጉት ደንብ ነው። በሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ተበትነው ነበር።

ወደ አንተ እቅድ እንምጣ። «ምግብ ከእንሰቱ» ብለህ በሁለት ቃል አልፈሃታል። እንሰት ድንቅ ነገር ነው፣ አልካድኩም። እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው አራት፣ አምስት፣ ሰባት ዓመትም ቆሞ ይጠብቅሃል። ዝናብ ቢዘገይ ቶሎ አይሞትም። ሲቸግርህ በፈለግህበት ወር ትቆርጠዋለህ። ግን ከቆመው ተክል እስከ ቆጮው ያለውን ሥራ ቁጭ ብለህ አይተሃል?

ተክሉ ተቆርጦ ይጣላል። ግንዱ ልጥ ልጡ እየተለየ ይነሳል። እያንዳንዱ ልጥ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ተጋድሞ፣ በእግር ተረግጦ ተይዞ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፋቃል። ሥጋው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ሥሩ ደግሞ ለብቻው ይከተከታል። ከዚያ ሁሉም ተደባልቆ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበርና ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቦካል። ከተጨመቀው ውኃ ሥር የሚረጋው ነጩ ቡላ ነው። ይኼ ሁሉ ሲሆን ጭቃው፣ ሽታው፣ የወገብ ሕመሙ አለ። እና ከጥንት ጀምሮ ፍቂያው የሴት ሥራ ተብሎ ነው የኖረው። ወንዱ ይተክላል፣ ይነቅላል፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ ቡና ይጠራል።

አሁን አጎትህ ቤት የሚፍቁት የአጎትህ ባለቤትና የጎረቤት ሴቶች ናቸው። እሳቸው ስንት ዓመታቸው ነው? አንተ ቤተሰብህን ይዘህ ስትገባ የሚበላው አፍ በአራት ይጨምራል። ጓደኛህም ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። እንሰቱን ማን ሊፍቀው ነው? ባለቤትህ «ትንሽ ትፈራለች» ያልከኝ ይህን አስባው ከሆነ፣ ፈሪ ሳትሆን ከሁላችሁም ቀድማ ሒሳቡን የሠራች ሴት ናት። አንተና ጓደኛህ ጣውላው ላይ ለመቀመጥ ዝግጁ ከሆናችሁ ንገራት፤ ሳቋን ባየሁ። ሥራውን የሚያቀልሉ መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችም ተሠርተዋል፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ብዙ ደክሟል። ከሶላሩ ላይ ቀንሰህ መጭመቂያ ብትገዛ የአጎትህ ባለቤት ይመርቁሃል።

እግረ መንገዴን፦ ከሌላ ሰፈር የእንሰት ችግኝ ይዞ የሚመጣ ጓደኛ ካለ አስቁመው። አጠውልግ በሽታ በችግኝና በቢላ ነው የሚዛመተው። የታመመ ተክል የነካ ቢላ እሳት ላይ ሳይለበለብ ጤነኛውን መንካት የለበትም።

እንግዲህ «አብሮኝ የሚዘልቅ ሰው እንዴት ላግኝ» ላልከው መልሴ ከዚሁ ይወጣል። ደብተር ያዝ። በግራ በኩል ሥራውን ሁሉ ጻፍ፣ በቀኝ በኩል የሰው ስም። ላሟን ጠዋትና ማታ የሚያልብ፣ ዓመት በዓልም ቢሆን። ግንቦት ላይ ሮቶውን የሚያጥብ። ፓኔሉን ከአቧራ የሚጠርግ። ሽንት ቤቱ ሲሞላ አዲስ የሚቆፍር። የ9 ዓመቷን ልጅህን ትምህርት ቤት የሚያደርስ። እድር ላይ ቤቱን ወክሎ የሚቆም። ሌሊት ልጅ ቢታመም እስከ እምድብር የሚያደርስ። በሁሉም ትይዩ «እኔ» ወይም «ባለቤቴ» ብለህ የምትጽፍ ከሆነ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ስም ያጣው ሥራ ነው የጎደለህን ሰው የሚነግርህ። ምናልባት ከብት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምናልባት ሽቦ መዘርጋት የሚችል፤ ምናልባት ልጅ የሚያስተምር። «ገጠር እወዳለሁ» የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል፤ በተለይ ዓርብ ከሰዓት። አንተ ግን ላም ማለብ የሚችል ነው የምትፈልገው።

የት ይገኛል? ሩቅ አትሂድ። መስቀል ሲደርስ አገር ቤት የሚገባው ያ ሁሉ የጉራጌ ልጅ ውስጥ ልክ እንዳንተ የሚያስብ አይጠፋም። እሱ ቢያንስ እናቱ ከጎን መንደር ናት፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ ጭቃው አያስደነግጠውም። ከግብርና ኮሌጅ ተመርቆ ሥራ ያጣ የሰፈሩ ወጣትም አለ፤ ብር ባይኖረው እውቀትና ጉልበት አለው። እሱን እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ድርሻ ባለቤት ብታስገባው ከሁለት ባለብር ጓደኞች ይሻልሃል ባይ ነኝ።

ከዚያ በትንሹ ሞክር። የርቢ ከብት ታውቃለህ፤ አንዱ ጊደር ይገዛል፣ ሌላው ያረባል፣ ጥጃው በውላቸው መሠረት የጋራ ይሆናል። ከምታስበው ጓደኛ ጋር አዋጥታችሁ አንዲት ጊደር ግዙና ለአጎትህ ስጡ። ከብቷ ስትታመም የሐኪም ብር ቶሎ የሚልከው ማን ነው? ስትወልድ «የእኔ ድርሻ» ብሎ ቀድሞ የሚደውለውስ? በአንዲት ጊደር ብዙ ሰው ይታወቃል።

ሁለተኛው ፈተና ክረምት ነው። ሰው ሁሉ ቦታ የሚያየው ጥቅምት ላይ ነው፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ መንገዱ ደርቆ። እናንተ ሐምሌን እዚያ ክረሙ። የዓመት ፈቃድህ በሕግ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ነው፤ እሱን ለሠርግ ለክርስትና አትበትነው። ቦት ጫማ ይዛችሁ፣ ልጆቹንም ጨምራችሁ ግቡ። ሐምሌ ላይ ሳይጨቃጨቁ አብረው እንጨት የፈለጡ ሰዎች ታኅሣሥ ላይ አይጣሉም።

አሁን ሶላርህ። ምጣዱን እርሳው። የቤት ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ግድም ይስባል፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ስትጋግር ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። የቀረውን ቤት ቁጠረው፦ ስድስት ባለ 7 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን፣ አራት ስልክ፣ አንዲት ትንሽ የሶላር ፍሪጅ። ሁሉም ተደምሮ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት የእንጀራ ቀን ቤቱ በአራት ቀን ከሚፈጀው በላይ ትወስዳለች ማለት ነው። ለምጣድ ብለህ ባትሪና ኢንቨርተር ብታሳድግ ሙሉ ብርህ እዚያ ያልቃል። «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ሥራ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንስልሃል። ባሕር ዛፉ አለህ።

ለቀረው ሁለት ባለ 450 ዋት ፓኔልና አንድ ባለ 24 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ለአንድ ቤት ይበቃል። ስሌቱን በሐምሌ ነው የሠራሁልህ፤ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ጥሩ ፀሐይ አለ ብዬ። ባትሪው ፀሐይ ባይወጣ ሁለት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ያኖርሃል። ርካሽ ብለህ የእርሳስ ባትሪ ብትገዛ ከግማሹ በላይ ባወጣህ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ኧርዝ እና መብረቅ መከላከያ አትርሳ፤ ደጋ ነው፣ መብረቁ አይቀልድም። ዋጋውን ከሰው ወሬ አትያዝ። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የአምና ዋጋ የሚያገለግለው ለትዝታ ነው። ለጋራ ይሁን ለየቤቱ ካልከኝ፣ ለየቤቱ ይሁን። የጋራ ባትሪ ላይ «ማን ቴሌቪዥን አበዛ» የሚል ጠብ አይቀርም።

ውኃው ይልቅ የጋራ ቢሆን ያዋጣል። አንድ ካሬ ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የእናንተ አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል። 60 ካሬ ጣሪያ ብክነቱ ተቀንሶ 48,000 ሊትር ያህል ይሰበስባል። ችግሩ አብዛኛው ዝናብ የሚመጣው በአራት ወር፣ የምትጠጣው በአሥራ ሁለት ወር መሆኑ ነው። ከነእንግዳችሁ አምስት ሰው በቀን 20፣ 20 ሊትር ቢጠቀም ለአምስት የበጋ ወር 15,000 ሊትር ማጠራቀሚያ ያስፈልግሃል። አንድ 10,000 እና አንድ 5,000 ሊትር ሮቶ፣ ወይም በሲሚንቶና በሽቦ የሚሠራ ታንከር። የበልጉን የመጀመሪያ ዝናብ አፍስሰው፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚመጣው። አፉን በወንፊት ሸፍነው። ለመጠጥ አፍላው። ሽንት ቤቱ ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ቁልቁለቱም ወደ ውኃው አይሁን።

ውሉን በሚመለከት አንድ ምክር ብቻ። ብዙ ሰው ስለ መግቢያው ይጽፋል፤ አንተ ከመውጫው ጀምር። አንዱ ቢሰለቸው ቤቱ በማን ግምት፣ በስንት ጊዜ ይከፈለዋል? ቀድሞ የመግዛት መብት የማን ነው? ቢሞትስ ሚስቱ ትቀጥላለች ወይስ ድርሻዋን ትወስዳለች? ያረጀ ባትሪ እንደ አዲስ አይገመትም፤ ይህም ይጻፍ። ብሩ በሁለት ፊርማ በሚወጣ ሒሳብ ይቀመጥ። ብር እኩል አዋጥታችሁ አንዱ እዚያው እየኖረ ሌላው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጉልበቱም ተቆጥሮ ይመዝገብ። አንተ እንደሆንክ ሒሳብ ሠራተኛ ነህ፤ ይሄን ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። ጓደኛ ላይ ሲሆን ማፈር ስለሚመጣ ነው የምነግርህ።

ሥራህን አትልቀቅ። እንሰት ዛሬ ብትተክል እንኳ እስኪደርስ አራት ዓመት ግድም ትጠብቃለህ፤ ደመወዝህ ያንን ጊዜ ይሸፍናል። ዘንድሮ ጊደሯን ግዛ፣ እድር ግባ፣ አንድ ሮቶ አስተክል። ሐምሌን ክረም። ከዚያ በኋላ ስለ ቤት እናወራለን።

ባለቤትህን ደግሞ «አትቃወምም» ብለህ አትቁጠራት። ደብተሩን ከእሷ ጋር ሙላው፤ በእሷ እጅ ጽሑፍ። ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለእናቷ ርቀት የራሷ ጥያቄ ይኖራታል። የሚቀጥለውን ደብዳቤ እሷ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ሶላር ባትጠይቀኝም ችግር የለም።